ስም የተጻፈበት ከረጢት

እህቴ የደወለችልኝ ግንቦት ላይ ነው፣ ድሬ እንደ ምጣድ በምትግልበት ሰሞን። «አቦ፣ አንተ እኮ ቤት ነህ፣ ጊዜ አለህ» አለችኝ። ሶፍትዌር የምሠራው ከቤት ሆኜ ስለሆነ ቤተሰቡ ደመወዝ እንዳለኝ ያምናል፣ ሥራ እንዳለኝ ግን ማንም አያምንም። ልጇ ስድስት ዓመት ሊሞላት ነው። ኬኩ ታዟል። ወንበር ከዕድር ይመጣል። ድፎ ዳቦውን እናታችን ትደፋለች። የቀረው ልጆቹ ሊሄዱ ሲሉ በር ላይ የሚሰጣቸው ነገር ነበር። «ጉዲ ባጉን አንተ ያዝልኝ፣ ቀላል ነው።»

ቀላል አልነበረም። ዓመት ሊሞላው ነው፣ እኔ ግን ስለዚያ ከረጢት ማሰብ አላቆምኩም፤ ይኼ ጽሑፍም የእሱ ሂስ ነው። ልብ ወለድና ፊልም በሚተችበት ገጽ ላይ ስለ ከረሜላ ከረጢት መጻፍ ቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል። ግን አስቡት፦ አንድ ሰው ከብዙ ነገር መካከል ጥቂቱን ይመርጣል፣ የትኛው ከላይ የትኛው ከታች እንደሚሆን ይወስናል፣ ሽፋን ያለብሰዋል፣ ብዙም ለማያውቀው ሰው ይሰጣል። ድርሰትስ ከዚህ ሌላ ምንድነው? ተደራሲውም ከእኛ ይልቅ ሐቀኛ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ሥራችሁን በይሉኝታ አያሞግስም። ወለል ላይ ይዘረግፈዋል፣ የፈለገውን ያነሳል፣ የቀረውን ረግጦ ያልፋል።

ከሽፋኑ ልጀምር። የገዛሁት ታይዋን ነው። ድሬን ለማታውቁ፣ ታይዋን ደሴቷ ሳትሆን ገበያ ናት፤ ከስልክ ቀፎ እስከ ብርድ ልብስ ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ የሚቸረቸርባት። (ብርድ ልብስ በዚህ ሙቀት ማን ይገዛል እንዳትሉኝ፣ የደጋ ሰው ነው።) ባለሱቁ ሦስት ዓይነት የወረቀት ከረጢት ዘረጋልኝ፦ ስፓይደርማን፣ ባርቢ፣ ኤልሳ። ኤልሳን ወሰድኩ፣ ልጅቷ እሷን ነው የምትወደው። ኤልሳ እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው የዲዝኒ «ፍሮዝን» ፊልም የመጣች የበረዶ ንግሥት ናት፤ የፊልሙም መነሻ ዴንማርካዊው ሀንስ ክርስቲያን አንደርሰን በ1844 ያሳተመው የበረዶ ንግሥት ተረት ነው። እኔ ይቺን ንግሥት በጅምላ ስገዛ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል፣ ባለሱቁ በካርቶን ቁራጭ ራሱን ያራግባል። የእኛ ልጆች በረዶ የሚያውቁት ከፍሪጅ ነው።

የውጭ ስለሆነ መጥፎ ነው ልል አይደለም። ድሬ ሆኖ እንዲህ የሚል ሰው ከተማውን አያውቅም። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሜዳ ላይ ቆመ፣ እኛም በዚያው ተወለድን። አያቶቻችን ጣቢያው አጠገብ የባሕር ማዶ ብስኩት ሲበሉ ሌላው አገር ስሙንም አልሰማ ይሆናል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ሽፋኑና ውስጡ አይተዋወቁም። ሽፋኑ ላይ ታሪክ ያላት ሴት አለች፦ እህት አላት፣ ፍርሃት አላት፣ በር ዘግታ ያደገች ናት። ውስጡ ግን ከታሪኩ አንዲት ነገር የለም። ሽፋኑ ለማስመሰል ብቻ የተለጠፈ ነው። አንድ መጽሐፍ እንዲህ ቢያደርገን ገንዘባችንን መልስ እንል ነበር።

የራሳችን ገጸ ባሕርይ የለንም እንዳልል ደግሞ ፀሐይ አለች። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚለው የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጀመር እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ «የሕፃን ነው» እያልኩ በስርቆት የማየው። ቀጭኔ ናት፣ ጠያቂ፣ ትንሽ ቸኩላ የምትሳሳት። ያን ቀን «የፀሐይ ሥዕል ያለበት አለህ?» ብዬ ባለሱቁን ስጠይቀው ወደ ሰማይ ጠቆመኝና ሳቀ። «እሷማ በነፃ ነው።»

ወደ ውስጡ እንግባ። ያገኘሁት ዕቃ በየትኛውም አገር ልደት ላይ የሚገኘው ነው፤ የዓለም ትልቁ የጥቃቅን ሸቀጥ ጅምላ ገበያ ካለባት ከቻይናዋ ዪዉ ከተማ ሳይነሳ አይቀርም፣ ጅቡቲ ላይ ወርዶ እኛ ዘንድ የመጣ። ፊሽካ፦ ልጅን በፊሽካ መሸኘት ለእናቱ የተጻፈ የጠብ ደብዳቤ ነው፣ ተውኩት። የፕላስቲክ ቀለበት፦ አንድ ልኬት ብቻ፣ ለማንም ጣት የማይሆን። ነጣሪ ኳስ ቆንጆ ነው፣ ግን ታናናሾች አሉ፣ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ አፉ ውስጥ ከከተተው ትልቅ አደጋ ነው። ቸኮሌት ገዝቼ ነበር። ከታይዋን ከዚራ፣ እኔ ቤት እስክደርስ ባጃጁ ውስጥ ሾርባ ሆነ። ስቲከር አስገባሁ፣ ማስቲካ አስገባሁ፣ ከረሜላ አስገባሁ፣ ሁለት ሁለት እርሳስ አስገባሁ (እርሳሱ የሕሊና ጉዳይ ነው፤ ማንም ልጅ በእርሳስ ተደስቶ አያውቅም)። ከሁሉም የወደድኩት የሳሙና አረፋ መንፊያዋን ነበር። አንዱ ሲነፋ ዐሥሩ ያሳድዳል። ከዝርዝሩ ውስጥ ለብቻ መጫወት የማይቻልባት ብቸኛ ዕቃ እሷ ነበረች፣ እኔ ግን ያን ጊዜ ይኼን አላስተዋልኩም። ውድ ናት ብዬ ተውኳት።

ከዚያ ዋናውን ሥራዬን ሠራሁ። ከመዋዕለ ሕፃናቱ የቴሌግራም ግሩፕ የ22 ልጆች ስም ወሰድኩ፣ ትንሽ ስክሪፕት ጻፍኩ፣ እያንዳንዱን ስም በሚያምር የአማርኛ ፊደል በስቲከር ላይ አተምኩ። በየከረጢቱ ላይ፣ ኤልሳ ደረት ላይ፣ ስም። ሁለት ትርፍ ያለ ስም አዘጋጀሁ። በጣም ኮርቼ ነበር። ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ላክሁ፣ «ኢንጂነር ለዚህ ነው» አሉኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልሂድ፣ ነገሩ ከየት እንደመጣ ካላየን የት ላይ እንደተሳሳትኩ አይታይም።

የልጅ ልደት ማክበር እኛ ዘንድ ገና ልጅ ነው። ለአያቴ «ልደት» ማለት ታኅሣሥ 29 ነው። ለጎረቤቶቻችን መውሊድ አለ። ተራ ሰው የተወለደበትን ቀን ቆጥሮ መደገስ ግን ብዙም የተለመደ አልነበረም። እናቴ መታወቂያዋ ላይ መስከረም 1 ይላል፤ እሷ የምታውቀው ክረምት እንደነበረ ብቻ ነው። አገሩ በሙሉ ለዐሥርት ዓመታት ያከበረው የሰው ልደት የአንድ ሰው ነበር፦ ሐምሌ 16፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ። እሳቸውም ከእኛ ሩቅ አልተወለዱም፤ ተራራውን ወጥቶ ከሐረር አጠገብ፣ ኤጀርሳ ጎሮ፣ በ1884 ዓ.ም.። መስከረም 1967 ላይ ከዙፋን ሲወርዱ በዓሉም አብሮ ወረደ። እንግዲህ ከአንድ ሰው ልደት ወደ ሁሉም ሰው ልደት የመጣነው በአንድ ትውልድ ተኩል ነው። በቸኮለ ሰው አእምሮ ደግሞ የሚሆነው ይታወቃል፦ ኬኩን፣ ሻማውን፣ ፊኛውን፣ ከረጢቱን፣ ሁሉንም እንደ አንድ ጥቅል ኮፒ አደረግነው። እኛ ኮድ ጸሐፊዎች የሌላ ሰው ኮድ ሳናነብ ለጥፈን የሚሆነውን እናውቃለን። ይሠራል፣ ግን ለምን እንደሚሠራ ማንም አያውቅም።

ልጅን በር ላይ ሰጥቶ የመሸኘት ወግ ግን የራሳችን አለን። ቡሄ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ልጆች ዱላ ይዘው፣ ጅራፍ እያጮኹ በየደጁ ይዞራሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ሙልሙል ይሰጣቸዋል፣ መርቀው ይሄዳሉ። እኔ ሳቢያን ስጨፍር አብረውኝ ሆ ከሚሉት ግማሾቹ የሙስሊም ልጆች ነበሩ፤ ድሬ ላይ ይኼ አይገርምም። አሁን ሙልሙሉ ወደ ብር ተቀይሯል ብለን እናማርራለን፣ ማማረራችንም ልክ ነው፣ ግን እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነገር ነው። ሙልሙል የምትጋግር ሴት ስንት ልጅ እንደሚመጣ አታውቅም። ዝርዝር የላትም። ስማቸውንም አታውቅም፤ የምታውቀው እንደሚመጡ ነው። ሲያልቅባት ትልቁን ትቆርሳለች። ልጆቹም ያገኙትን ለየብቻ ይዘው አይገቡም፤ መብራት ያለበት ምሰሶ ሥር ቁጭ ብለው ይካፈላሉ። ያ ክፍፍል ደግሞ ጦርነት ነበር፦ አውጪው «ድምፄ ነው ያመጣው» ብሎ ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ ትንሹ ያለቅሳል፣ አንድ አስታራቂ ይነሳል። ስለ ፍትሕ መጀመሪያ የተከራከርኩት እዚያ ምሰሶ ሥር ነው።

ሌላም አለ። እናቴ ከማኅበር ስትመለስ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የምታመጣት ዳቦ። ቋጠሮውን ስትፈታ ሦስታችን እንከባለን። ዳቦዋ ትደርቅ ነበር፣ የነጠላው ሽታ ይይዛት ነበር፣ እንደ እሷ የሚጣፍጥ ነገር ግን አልነበረም። የድግስ ትራፊ አልነበረችም። ድግሱ ላይ ላልነበረ ሰው የተላከች ናት። ጉዲ ባግ የሚሰጠው ለመጣው ነው፣ የነጠላው ቋጠሮ ላልመጣው።

አሁን ሁለት መጽሐፍ ልጥቀስና ልመለስ። ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ ስጦታ ባሳተመው ጥናት ስጦታ ሦስት ግዴታ እንዳለው ይናገራል፦ መስጠት፣ መቀበል፣ መመለስ። ዴቪድ ግሬበር ደግሞ በ2011 ባወጣው ስለ ዕዳ የሚናገር መጽሐፉ ላይ በናይጄሪያ የቲቭ ሴቶችን ያነሳል። እዚያ ጎረቤት እንቁላል ካመጣችልሽ የሆነ ነገር ትመልሻለሽ፣ ግን በትክክል የዚያኑ ያህል አይደለም፤ ትንሽ አብልጠሽ ወይም ትንሽ አሳንሰሽ። ልክ በልኩ መመለስ «ከእንግዲህ ካንቺ ጋር ጉዳይ የለኝም» ማለት ይሆናል። ይኼን ሳነብ ሳቄ መጣ፣ ምክንያቱም እኛ ሰፈር ማንም መጽሐፍ ሳያነብ ያውቀዋል። ሰርግ ላይ ደጋሹ እንግዳውን ሲሸኝ ምን ይላል? «ብድር መላሽ ያድርገን» ነው የሚለው። አሁን ከፈልኩህ አይልም። ልመልስ፣ ግን ወደፊት፤ ዕድሜ ይስጠኝ፣ አንተም ኑርልኝ፣ ልጅህ ይደግልኝና እመጣለሁ ነው። በአማርኛ «ብድር» የሚለው ቃል የባንክም የጉርብትናም የሆነው በከንቱ አይደለም።

ጉዲ ባግ ይኼን ብድር በር ላይ ይዘጋዋል። ልጁ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስጦታ ይዞ ገባ፣ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደረሰኙን ይዞ ወጣ። ሁለት ኮምፒውተሮች ሲነጋገሩ ቆይተው «ጨርሻለሁ» ተባብለው መስመሩን እንደሚዘጉት ነው። ንጹሕ ነው፣ ዕዳ የለም። እናቶቹም ይኼን ያውቁታል፤ በዚያው ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ «የእነ እገሌ ከረጢት ውስጥ ይኼ ይኼ ነበር» የሚል ወሬ ይዞራል፣ ቀጣይዋ ደጋሽ ከዚያ ላለማነስ ትጨነቃለች። ስጦታ መግዣ ያጣች እናት ደግሞ ልጇን «አሞታል» ትላለች።

ለከረጢቱም ግን ፍርድ አይጓደልበት። የሚከላከልለት ነገር አለ፣ ትንሽም አይደለም። አንድ ልጅ ስጦታ ተከምሮለት ሌላው ባዶ እጁን ሲሄድ ያለውን ዓይን ያየ ሰው ከረጢቱን ለምን እንደፈጠሩት ይገባዋል። ደግሞም ሁሉም እኩል ነው፤ መቶ ብር አሻንጉሊት ያመጣውም፣ ደብተር ያመጣችውም፣ ምንም ያላመጣውም የሚይዙት አንድ ዓይነት ነው። በዚህ በኩል ከሙልሙሉ ጋር ይዛመዳል። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ስም ጻፍኩበት።

ቀኑ ደረሰ። ከ22ቱ የመጡት 19 ናቸው። እስካሁን በሥሌቴ ልክ ነኝ፣ ሦስት ተረፈኝ። ያላሰላሁት ግቢውን ነው። የእህቴ ቤት ሳቢያን ውስጥ ነው፣ ግቢው ውስጥ አራት ቤተሰብ አለ፣ በሩም ተዘግቶ አያውቅም። ሙዚቃው ሲጀመር ከግቢውም ከመንገዱም ሌላ ዘጠኝ ልጅ ገባ። ማንም አልጠራቸውም፣ ማንም «ማን ጠራችሁ» አላላቸውም። በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማልኛም እየተጯጯሁ ፊኛ ሲያፈነዱ ዋሉ። ኬኩ ደረሳቸው፣ ድፎው ደረሳቸው፣ ፈንዲሻውማ ተርፎ መሬት ላይ ነበር። ኬክ ይቆረሳል፣ ድፎ ይቆረሳል፣ ፈንዲሻ ይዘገናል። የማይቆረሰው የእኔ ከረጢት ብቻ ነበር።

በር ላይ ቆሜ ስም እየጠራሁ ሰጠሁ። አዎ፣ ስም እየጠራሁ፣ እንደ ፈተና ውጤት። ያልተጠሩት ዘጠኙ ዳር ላይ ቆመው ጠበቁ። አልጠየቁም። ሁለቱን ባዶ ስም ለትንንሾቹ ሰጠሁ፣ ያልመጡትን የሦስቱን ልጆች ደግሞ ለሦስት ትልልቆች። ለቀሩት አራት ፈንዲሻ በወረቀት ጠቀለልኩላቸው። ተገላገልኩ ብዬ ዞር ስል አንዱ ልጅ ከውጭ ተመልሶ መጣ። ስምንት ዓመት ይሆነዋል። ከጠዋት ጀምሮ ከወንድሙ ጋር የዕድሩን ወንበር ሲያጓጉዝልን የዋለው እሱ ነው። ከረጢቱን በሁለት እጁ ይዞ ዘረጋልኝ።

«ጋሼ፣ ይኼ የኔ አይደለም። የሌላ ልጅ ስም አለበት።»

«ችግር የለም፣ ልጁ አልመጣም። ውሰደው፣ ያንተ ነው።»

«ከመጣስ?»

የምለው አጣሁ። ስቲከሩን ልላጥለት ሞከርኩ፤ ጥሩ ሙጫ ነው የመረጥኩት፣ የኤልሳን ግማሽ ፊት ይዞ ተቀደደ። መልሼ ሰጠሁት። ተቀበለኝ፣ ግን ይሉኝታ እንደሆነ ያስታውቃል፤ ከረጢቱን አልከፈተውም። የቴስት ኬስ ጽፌ የማላውቀውን ነገር አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ በአንድ ቃል አገኘብኝ። እኔ ሳስብ የነበረው ስሙ ያለበት ልጅ ምን እንደሚሰማው ብቻ ነው። ስም የተጻፈበት ዕቃ ስሙ ያልተጻፈውን ሁሉ በዝምታ «አንተን አይደለም» እንደሚለው አልታየኝም።

እህቴ ከኋላዬ ሆና ሁሉንም አይታለች። ምንም አላለችኝም። ወጥ ቤት ገባች፣ የእናታችንን ባለ አበባ ሳህን አወጣች፣ የቀረውን ድፎና ኬክ ቆርሳ ደረደረችበት፣ በጨርቅ ሸፈነችው። «ለእማዬ ስጥልኝ፣ እንዳትጥል» አለችው። ልጁ ያን ጊዜ ነው ፊቱ የተለወጠው። ሳህኑን እንደ ታቦት ይዞ፣ እግር እግሩን እያየ ወጣ። ከረጢቱ ክንዱ ላይ ተንጠልጥሏል።

ዘንድሮም ግንቦት እየመጣ ነው። ከረጢት እንደማልገዛ ለእህቴ ነግሬያታለሁ። ሐሳቤ ትሪ ነው። ቀፊራ ወርጄ የባቢሌ ለውዝ በኪሎ፣ ከሐልዋ ሻጮቹ ደግሞ ሐልዋ አስቆርጬ፣ ለሰርግና ለኢድ እንደሚቆረጠው። ሐልዋ ድሬ ላይ ቸኮሌትን ያሸንፋል፤ ሙቀት ያውቃል። በወረቀት ጠቅልዬ ትሪ ላይ እከምረዋለሁ፤ ሲያልቅ ይቆረሳል፣ የሚወስደው ልጅ ለታናሹም ይዘግናል። የሳሙና አረፋዋን ደግሞ ሦስት አራት፣ ለግቢው በሙሉ።

የተቃወመችኝ ባለ ልደቷ ናት። ሰባት ልትሞላ ነው፣ አሁን ታነባለች። «ስሜ ያለበት ከረጢት ነው የምፈልገው» አለችኝ። ለምን ስላት ገብታ ያምናውን አመጣችልኝ። ስቲከሯና ማስቲካዋ ካለቁ ቆይተዋል፣ ኤልሳም ደብዝዛለች፣ ስሟ ግን አለ። እርሳሶቿን ታስቀምጥበታለች፤ ያ ማንም አይደሰትበትም ያልኩት እርሳስም ውስጡ አለ። ስሟን መጀመሪያ አንብባ ያወቀችው እሱ ላይ እንደሆነ እህቴ ነገረችኝ። ለእሷ የሚሆን መልስ ገና የለኝም። ምናልባት ለእሷ ብቻ አትምላታለሁ፣ ምናልባት ባዶ ስቲከርና እስክርቢቶ ትሪው አጠገብ አስቀምጬ የመጣው ሁሉ የራሱን ይጽፋል። ይኼኛው ደግሞ ወረፋና ጭቅጭቅ ይፈጥራል፤ ምሰሶው ሥር እንደነበረው።

ባለ አበባው ሳህን እስካሁን አልተመለሰም። እኛ ሰፈር ሳህን ባዶውን አይመለስም፣ ስለዚህ እህቴ አልጠየቀችም፤ እናታችን ግን አልፎ አልፎ መደርደሪያውን ታያለች። ባለፈው ሳምንት ልጁን መንገድ ላይ አገኘሁት፣ ቁመቱ ጨምሯል። ሰላም ብሎኝ ካለፈ በኋላ የሆነ ነገር ትዝ እንዳለው ሮጦ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ እማዬ ሳህኑን አልረሳሁትም በልልኝ ብላለች።»